ለክረምት ጭቃም ለበረዶም፦ ሆዱ ከመሬት ስንት ከፍ ያለ መኪና ይበቃል?

ቧንቧ_ውሃ
ሰላም አለይኩም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፤ ከመክፈሌ በፊት የምታውቁትን አካፍሉኝ። መንገዱ ከደሴ በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ ካቤና ወረኢሉ የሚወስደው ነው። ዋናው መንገድ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ የሚገባው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ዋልካ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አይሱዙ ቦይ እየቆፈረበት መሀሉ ጉብታ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አራት ሰው ይሳፈራል፣ ሁለት ኩንታል እህል ወይም ማዳበሪያም ይጫናል። ያየኋቸው ቪትዝ (ከፍ አስደርጌው)፣ አሮጌ ራቭ ፎር፣ ሱዙኪ ጂምኒ እና ሲንግል ጋቢና ሂሉክስ ናቸው። ደላላው ሁሉንም “20 ሳንቲ ነው” ይለኛል።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ኤድመንተን፣ ካናዳ ነው ያለው፤ የመጀመሪያ ክረምቱ ነው። እሱም ኮሮላ ልግዛ ወይስ ከፍ ያለ እያለ ይጠይቀኛል። እዚያ ያላችሁ ወሎዬዎች ብትመልሱለት ደስ ይለኛል።

ሐረጎ_ገራዥ
ወአለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። የደላላውንም የካታሎጉንም ቁጥር ተወውና ሜትር ይዘህ ሂድ። ካታሎግ የሚናገረው ስለ አዲስ ሞላና ስለ አዲስ ጎማ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ስለ ባዶ መኪና። ገበያ ላይ የምታገኘው ግን 15 እና 20 ዓመት የተሸከመ ሞላ ነው። የደከመ ሞላ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ወርዶ ማግኘት የተለመደ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁመው። ጎማዎቹ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተጻፈውን ንፋስ ይያዙ። አራት ሰው አስገባ፣ ከኋላ የምትጭነውን ያህል ክብደት አስቀምጥ። አናጢ ቤት ሦስት እንጨት አስቆርጥ፦ 16፣ 18 እና 20 ሳ.ሜ. ቁመት ያላቸው። አጭሩን በሁለቱ ጎማዎች መሀል ከፊት ወደ ኋላ አሳልፈው፤ ካለፈ ቀጣዩን ሞክር። መጀመሪያ የሚነካው ቦታ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው የመኪናው እውነተኛ ክሊራንስ።

ከቁጥሩ እኩል ደግሞ ምኑ እንደሚነካ ተመልከት። የማርሚታው ቱቦ ከሆነ ጉዳቱ ብየዳ ነው። የዘይት ኮፓው ከሆነ ግን አንድ ድንጋይ ሞተሩን ሊጨርሰው ይችላል፤ ኮፓው ተቀዶ ዘይቱ ሲወርድ ሾፌሩ የሚያውቀው መብራቱ ሲበራ ነው፣ ያኔ ደግሞ ኩሽኔታው ማቃጠል ጀምሯል። አሮጌ ራቭ ፎር ስትገዛ ከሥር ገብተህ የኋላ ዲፈረንሻሉን (ኃይል ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለውን ያበጠ ብረት) እና የፊተኛውን የሞተር መሸከሚያ ብረት እይ። ተፍቆ የነጣ ወይም የተጎረበጠ ከሆነ መኪናው ሆዱን እየጎተተ ነው የኖረው።

አሁን ወደ ዋናው። አራት ሰው በአማካይ 280 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል 200። 480 ኪሎ ሆነ። ጂምኒ (የአሁኑ፣ ባለ ሦስት በሩ) ክሊራንሱ 21 ሳ.ሜ. ነው፣ ቁመናውም ለገደል መንገድ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የመሸከም አቅሙ ሰውንም ጨምሮ 350 ኪሎ አካባቢ ነው። አራት ሰው ከገባ እህሉ ቦታም ፈቃድም የለውም። ቪትዝም በዚህ ክብደት ከአቅሙ በላይ ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ ባዶውን 14 እና 15 ሳ.ሜ. መሀል ነው፣ ስትጭነው ምን እንደሚቀረው አንተው አስበው። ሲንግል ጋቢና ሂሉክስ ጭነቱን በቀላሉ ይችላል፤ አራት ሰው ግን ጋቢናው አይዝም።

ቧንቧ_ውሃ
ጀዛከላህ ኸይር ወንድሜ። ጭነቱን ከዚህ ጋር አያይዤ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም፦ ሂሉክስም ሲጫን ይወርድ የለም እንዴ? ታዲያ ከራቭ ፎር በምን ይሻላል?

ሐረጎ_ገራዥ
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሂሉክስ፣ ሃርድቶፕ፣ ጂምኒ የኋላ አክስላቸው አንድ ወጥ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር በአንድ ብረት ታስሯል። ስትጭን የሚወርደው ጋቢናና ካሶኒው ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከመሬት ያለው ከፍታ ጎማው ትንሽ ከመጨፍለቁ በቀር አይለወጥም። የመኪናው ዝቅተኛ ቦታ ራሱ ዲፈረንሻሉ ስለሆነ፣ ባዶ ስትለካው 20 ከነበረ ተጭኖም ያው 20 አካባቢ ነው።

ራቭ ፎር፣ ቱሳን፣ ቪትዝ፣ ግራንድ ቪታራ ግን ሆዳቸው፣ ማርሚታቸው፣ (ባለ ፎር ዊሎቹ) ዲፈረንሻላቸውም ከሻንሲው ጋር ነው የተንጠለጠለው። ሞላው ሲጨመቅ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። ሙሉ ጭነት ላይ ከ3 እስከ 6 ሳ.ሜ. መውረድ ያለ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በኋላ በኩል። ባዶውን 19 ያለ ራቭ ፎር ተጭኖ 14 ሲሆን አትደነቅ።

በሌላ በኩል አንድ ወጥ አክስል ያለው መኪና ዲፈረንሻሉ ወደ አንድ ጎን ጠጋ ብሎ ያበጠ ነው። የት እንዳለ ካወቅክ ድንጋዩን በሌላኛው በኩል ታሳልፈዋለህ። ስለዚህ ሾፌሩ ከሥር ገብቶ በዓይኑ ሊያየው ይገባል።

ለዚህ ጭነት ምክሬ፦ ጭነቱ በየሳምንቱ ከሆነ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ፎር ባይ ፎር ፈልግ። በወር አንዴ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሠራው ባለ አምስት በር ግራንድ ቪታራ ጥሩ መሀከለኛ ነው። ክሊራንሱ 20 ሳ.ሜ. ነው፤ ረዳት ማርሽ (ለከባድ መንገድ የሚሆን ቀስ ያለ ማርሽ፣ 4ኤል) ያለው ሞዴል ከያዝክ መሀለኛውን ዲፈረንሻል ማሰርም ይችላል። ሲገዛ ግን ማንሻው ወይም ማዞሪያው በትክክል 4ኤል መግባቱን እየነዳህ አረጋግጥ። ለዓመታት ያልተነካ ረዳት ማርሽ ዝጎ ይቆማል።

ኮምቦልቻ_ጎሚስታ
ስለ ጎማ ልግባ፤ ያለ ጎማ የክሊራንስ ወሬ ግማሽ ነው። ክሊራንስ የሚወስነው ሆድህ መሬት ላይ መቀመጥ አለመቀመጡን ነው፤ መንቀሳቀስህንና መቆምህን የሚወስነው ጎማው ነው።

ትልቅ ጎማ ሲገባ መኪናው የሚነሳው የጎማውን ቁመት ጭማሪ ግማሽ ብቻ ነው። ምሳሌ፦ 175/65 አር 14 ጎማ ከጫፍ ጫፍ 58.3 ሳ.ሜ. ነው። በ175/70 አር 14 ብትቀይረው 60 ሳ.ሜ. ይሆናል። ልዩነቱ 1.7 ሳ.ሜ. ሲሆን መኪናው የሚነሳው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፍጥነት መለኪያውም 3 በመቶ ያህል ይሳሳታል፤ 80 ሲል እውነቱ 82 ነው። ከዚያ በላይ ከሄድክ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ፕላስቲኩን ይልጣል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት አራት ሰው አስገብተህ መሪውን ግራ ቀኝ እስከ ጥግ አዙረህ ጣትህ በክፍተቱ ማለፉን እይ።

ለዋልካ ጥርሱ የተራራቀ፣ ከጎን ትከሻው የተቆረጠ ጎማ ያስፈልጋል። የአስፋልት ጎማ በሁለት ዙር ጥርሱ ተሞልቶ ለስላሳ ይሆናል፤ ያኔ ፎር ዊልም አይረዳውም፣ አራቱም ጎማ ባንድነት ይሽከረከራል። ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለክረምት አታስበው። ጎማው ጠባብ ቢሆን ደግሞ ለኛ ጭቃ ይሻላል፤ ላዩን ለስላሳ፣ ሥሩ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ጠባብ ጎማ ቆርጦ ይወርድና ጠንካራውን ይይዛል። ሃርድቶፖች 7.50 አር 16 የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም።

ንፋስ። ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ከ32 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አውርድ፤ ሰውና ጭነት ካለ 22 ላይ ቁም። ጎማው ይረዝማል፣ ብዙ መሬት ይይዛል። ክሊራንስህ 1 ሳ.ሜ. ያህል ይቀንሳል፣ ያንን አስበው። ከ15 በታች ስትወርድ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። አስፋልት እንደደረስክ መልሰህ ሙላ፤ በ20 ንፋስ 80 መንዳት ጎማውን ከጎኑ አቃጥሎ ይፈነዳል። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ከክሪክ እኩል ግዴታ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን አብሬ ልመልስ፦ ኮምቦልቻ ነፍቶ ደሴ የወጣ ሰው ንፋሱ ይለወጥበታል ወይ? ከፍታው 650 ሜትር ያህል ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ከፍ ይል ነበር፤ ደሴ ስለሚቀዘቅዝ ደግሞ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ተጣፋ፤ አትጨነቁበት።

ደጋ_ሹፌር
ከገራዡ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የተባለው ዓይነት መንገድ ላይ የክሊራንስ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ የመኪናው ርዝመትም አለ። ጂምኒ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.25 ሜትር ነው፤ የ2005ቱ ሂሉክስ 3.08 ሜትር። ጉብታ ስትሻገር ወይም ቦይ ስትወጣ ረጅሙ መኪና ሆዱ መሀል ላይ ይቀመጣል፤ አጭሩ ያልፋል። ደብል ጋቢና የሚገዛ ሰው በሩ ሥር ያለው መርገጫ ብረት መጀመሪያ እንደሚሰበር ይወቅ። ክረምት ላይ ፈትቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

አነዳዱም ግማሽ ክሊራንስ ነው። የአይሱዙ ጉብታ የሚቆመው የራሱ ዲፈረንሻል በሚላጨው ከፍታ ላይ ነው፤ ከአይሱዙ ዝቅ ያለ መኪና በቦዩ ውስጥ ከገባ ሆዱ ጉብታው ላይ መቀመጡ አይቀርም። ስለዚህ ቦዩን አትከተል። አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን ከቦዩ ውጭ ባለው ዳር ላይ አድርገህ ቦዩን በመሀል አስቀምጠው። ዳሩ ወደ ገደል ያዘነበለ ከሆነ ግን ይህን አታድርግ፤ ውረድና በእግርህ ሄደህ እይ። ሁለተኛ ማርሽ፣ እኩል ነዳጅ፣ መሀል ላይ መቆም የለም። ጎማው መሽከርከር ከጀመረ ነዳጁን ቶሎ ልቀቅ፤ በሽክርክሪት 5 ሳ.ሜ. በቆፈርክ ቁጥር ከክሊራንስህ 5 ሳ.ሜ. እየቀነስክ ነው።

ሆዱ ከተቀመጠ መግፋት ዋጋ የለውም፣ ክብደቱ ጎማው ላይ የለምና። ክሪክ ከሥሩ 40 በ40 የሆነ ጣውላ አድርገህ መኪናውን አንሳ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሙላ፣ ከዚያ አውርደው። ጣውላ ካልያዝክ ክሪኩ ራሱ ዋልካው ውስጥ ይሰምጣል። አካፋ፣ ጣውላ፣ 8 ሜትር የመጎተቻ ገመድ፣ ሁለት ሻክል። ገመዱን ፓራውልት ላይ አትሰር፤ ሻንሲው ላይ ያለውን መጎተቻ ቀለበት ፈልግ።

ሐረጎ_ገራዥ
ርዝመቱን በተመለከተ ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ለአራት ሰውና ለኩንታል ግን አጭር መኪና የለም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

ባቲ_መንገድ
ቪትዙን ከፍ ስለማስደረግ ማንም አልመለሰም። ከሞላው ሥር ጎማ አስገብተው ከፍ የሚያደርጉ አሉ፤ ያዋጣል?

ሐረጎ_ገራዥ
ሦስት ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው፤ አንድ አይደሉም።

በሞላው ቀለበቶች መሀል የሚሰካ ጎማ፦ አታስደርገው። የታሰረው ቀለበት መሥራት ያቆማል፤ ቀሪዎቹ የሱንም ድርሻ ይሸከሙና ሞላው ይሰበራል። ሲሰበር ሹል ጫፉ ጎማውን ሊቀደው ይችላል። ይህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሲወረድ ቢሆን ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም።

ከሞላው በላይ ወይም ከሾኩ ራስ በላይ የሚገባ ወፍራም ቁራጭ፦ እስከ 2.5 ሳ.ሜ. ድረስ ይቻላል። ከ3 ሳ.ሜ. ሲያልፍ የፊት ሰሚያስ (ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ዘንበል ብሎ መሥራት ይጀምራል፣ የግሪስ ጎማው ይቀደዳል፣ ጭቃ ይገባበታል፣ መሪ ስታዞር ቀጭ ቀጭ ይላል። የፍሬን ቱቦውም እንዳይወጠር ጎማውን አንጠልጥለህ እይ። ከሥራው በኋላ የጎማ አሰላለፍ ማስተካከል ግድ ነው፣ ካልሆነ አዲስ ጎማ በወራት ውስጥ አንድ ጎኑ ይበላል። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርግ፤ ጭጋግ ባለበት ቀን የተቃራኒው ሾፌር ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው።

ሦስተኛው፣ እኔ የማስቀድመው፦ የደከመውን ሞላ በአዲስ መቀየር። መጀመሪያ ከነበረው የወረደውን 2 ሳ.ሜ. ያለ ምንም ጣጣ ይመልስልሃል። ሾክ መቀየር ግን ከፍታ አይጨምርም፤ የተለመደው ሾክ መኪና አይሸከምም፣ መወዛወዝን ነው የሚገታው። ፒክአፕ ላይ ባሊስትራ መጨመርም እንደዚሁ፦ ካሶኒውን ያነሳል፣ ዲፈረንሻሉ ባለበት ይቀራል። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው።

ቪትዝ ሞላውም ቁራጩም ጎማውም ተደርጎለት 18 ሳ.ሜ. ቢደርስ፣ የፊት ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው መኪና ነው። ከደሴ ሐይቅ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከተማ ውስጥ ሰኞ ገበያ አካባቢ ላለው ጥርብ ድንጋይ ይበቃል። ለተጠየቀው ዋልካ አይበቃም።

ኤድመንተን_ወሎዬ
ሰላም ጦሳ ተራራ ሥር ላላችሁ ሁሉ። ለታናሽ ወንድምህ የሚሆነውን ልጻፍ፤ ለሱም አንብብለት።

እዚህ ዋና ዋና መንገዶች ቶሎ ይጠረጋሉ፤ በነሱ ላይ ኮሮላ ይበቃል። ክሊራንስ የሚያስፈልገው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ ያልተጠረገ የሰፈር መንገድ፣ በተለይ ከቤት ጀርባ ያለው መተላለፊያ። ሁለተኛ መጥረጊያው መኪና አልፎ የደጃፍህን መውጫ የሚዘጋበት ክምር። ይህ ክምር አዲስ እንደወረደ በረዶ ለስላሳ አይደለም፤ ሌሊት ሲያድር ድንጋይ ይሆናል፣ ዝቅ ያለ ፓራውልት ይሰብራል። በመኪና መስበር አይሞከርም፣ በአካፋ ይቆረጣል። ሦስተኛ ጎማ የቆፈረው ቦይ በረዶ ሆኖ ሲደርቅ፤ እናንተ ስለ አይሱዙ ጉብታ የምታወሩት ያው ነው።

ቁጥር ልስጥ። ኮሮላ 13 ሳ.ሜ. ተኩል አካባቢ ነው። ሆንዳ ሲአርቪ ፎር ዊሉ (ከ2017 እስከ 2022 ያለው) ወደ 21፤ ራቭ ፎር ከ2019 ወዲህ ያለው ፎር ዊል 21 እና 22 መሀል። ሱባሩ ፎሬስተር፣ አውትባክ እና ክሮስትሬክ 22 ሳ.ሜ. ናቸው። ከ15 ሳ.ሜ. ያነሰ መኪና በረዶው ከሆዱ በላይ ሲሆን እንደ ጀልባ ይነሳል፤ ሆዱ በረዶውን ይጨምቅና ይቀመጥበታል፣ ጎማው ክብደት ያጣል፣ ይሽከረከራል። ለስላሳ ደረቅ በረዶ ላይ ትንሽ ማለፍ ይቻላል፤ እርጥቡ ከባድ ስለሆነ ከሆድህ በላይ ከሆነ አትግባበት። ለከተማ ነዋሪ 18 ሳ.ሜ. ጥሩ ነው፤ ከከተማ ውጭ ለሚሠራ 20 እና ከዚያ በላይ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምለምነው፦ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ኮሮላ ከነ ክረምት ጎማው ይግዛ እንጂ ከፍ ያለውን መኪና በበጋ ጎማ አይንዳ። የበጋ ጎማ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል፣ መንገዱን አይዝም። ፎር ዊል ለመነሳት ይረዳል፤ ለመቆም ግን ምንም አይጨምርም፣ ፍሬን በሁሉም መኪና አራት ጎማ ላይ ነውና። በዚህ የተሳሳቱ ናቸው ኅዳር ላይ ከመንገድ ወጥተው የሚታዩት። ጎማው ጎን ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት መኖር አለበት። “ኤም ፕላስ ኤስ” (ጭቃና በረዶ) ብቻ የተጻፈበት አይበቃም። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ሁለት ብቻ ፊት ላይ ካደረገ ጠመዝማዛ ላይ የኋላው ይቀድመዋል። ጥርሱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲቃረብ ለበረዶ አይሆንም።

ለኤድመንተን ሕጉ የክረምት ጎማ አያስገድድም። ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራራ መንገዶች የሚሄድ ከሆነ ግን ከጥቅምት 1 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያስገድዳል። ኬቤክ ደግሞ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 እዚያ ለተመዘገበ የቤት መኪና ግዴታ ነው።

የንፋሱ ነገር፦ ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ በወረደ ቁጥር 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል። ከመስከረም ወር 15 ዲግሪ እስከ ጥር ወር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ድረስ ልዩነቱ 45 ዲግሪ ነው፤ ንፋሱን ካላየ ከ33 ወደ 25 ይወርድበታል። በጭቃ ሆን ተብሎ የሚወረደው እዚህ ሳይታሰብ ይወርዳል፣ አስፋልት ላይ ደግሞ ጉዳት ነው።

ያገለገለ ሲገዛ ከሥሩ ይግባ። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው የሞተር መሸከሚያውን፣ የፍሬን ቱቦውንና የኋላ ሞላ መቀመጫውን ይበላል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያድርግ፤ ደፍ ካለ ወይም ቅርፊት ከረገፈ ይተወው።

ቧንቧ_ውሃ
አላህ ይስጥልን ወንድሜ፤ ልልክለት ነው። ጥያቄው የሱ ነው፦ ሰንሰለት መያዝ ያስፈልገዋል ወይ?

ኤድመንተን_ወሎዬ
ከተማ ውስጥ አያስፈልገውም። ተራራ ለሚሻገር ሰው ይጠቅማል፤ ከጎማው መጠን ጋር ትክክል የሆነውን ይግዛ፣ ቤት ውስጥ በደረቅ ቦታ ማሰር ይለማመድ። በሚነዱት ጎማዎች ላይ ይታሰራል፤ 100 ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ቆሞ ያጥብቀው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም። አንዳንድ መኪና በጎማና በሾክ መሀል ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ሰንሰለት አይቀበልም፣ የመኪናው መመሪያ ደብተር ላይ ተጽፏል።

ደጋ_ሹፌር
ሰንሰለት ለኛም ዋልካ ይሠራል፤ ለማያምን ሰው ያሳያል። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያደርጉት ነው። ድንጋይ ላይ ከወጣህ ግን ወዲያው ፍታው፣ ጎማውን ይበጣጥሳል።

ጉጉፍቱ አካባቢ በረዶ ሲጥልም አንድ ነገር ላክል። ያ በረዶ ክብ ጠጠር ነው፤ ሁለትና ሦስት ሳ.ሜ. መንገዱን ሲያለብስ ክሊራንስ አይደለም ችግሩ፣ ጎማው ከመሬት ይነጠላል። ፍሬን አትርገጥ፤ ማርሹን አውርደህ ሞተሩ ይያዘው። ሰፋ ያለ ዳር ስታገኝ ቁምና መብራት አብራ። ብዙ ጊዜ ሩብ ሰዓት ከቆየህ ይቀልጣል፤ ከቀለጠ በኋላ ግን ከላይ የመጣው ጎርፍ ዝቅተኛውን መሻገሪያ ይሞላዋል። 20 ሳ.ሜ. ክሊራንስ አለኝ ብለህ ጎርፍ አትግባ። ውሃው ከሆድህ በታች ቢሆንም የሚወስድህ ፍጥነቱ ነው፣ ሥሩም ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል።

አዲስ_ቻርጅ
በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ እያየ ነው። ለዚህ መንገድ ማሰብ ይቻላል?

ሐረጎ_ገራዥ
ለከተማና ለአስፋልቱ ጥሩ ናቸው። ለዋልካው ሦስት ነገር ይታሰብ። ባትሪው ከወለሉ ሥር በሙሉ ተዘርግቷል፤ በነዳጅ መኪና ድንጋይ ማርሚታ ሲመታ ብየዳ ነው፣ በኤሌክትሪኩ የሚመታው የመኪናው ግማሽ ዋጋ ነው። ስለዚህ ስትገዛ ከሥር ያለው መከላከያ ሽፋን አልሙኒየም ነው ወይስ ቀጭን ፕላስቲክ ብለህ እይ። ተጎርብጦ ካየህ ባትሪውን ሳታስመረምር አትግዛ። ሁለተኛ፣ ክብደቱ፤ ከነዳጅ እኩያው ብዙ መቶ ኪሎ ይበልጣል፣ ለስላሳ መሬት ላይ ይሰምጣል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ኃይሉን በአንዴ ስለሚሰጥ ጎማው ቶሎ ይሽከረከራል፤ የበረዶ ወይም የጭቃ አነዳድ ምርጫ ካለው ያንን ክፈት።

ይህን ለደሴ ሰው ሁሉ እነግራለሁ፦ ኮምቦልቻ ለመውረድ ባትሪውን 100 አትሙላ። ሙሉ ባትሪ ቁልቁለት ላይ የሚመነጨውን ኃይል መቀበል አይችልም፤ ሞተሩ መያዙን ይቀንስና ሐረጎን ሙሉ በሙሉ በፍሬን ትወርዳለህ፣ ፍሬኑ ይግላል። 85 ወይም 90 ላይ ንቀል።

ቧንቧ_ውሃ
ወንድሞቼ፣ ውሳኔዬ ወደ ደብል ጋቢና አዘንብሏል። እስከዚያ ግን ሌላው ወንድሜ ቤት ያለችውን ራቭ ፎር በዚህ ክረምት ልጠቀም። ሁለት ሰው ብቻ፣ ያለ ጭነት። ከሥሯ የብረት መከላከያ ላሠራላት?

ሐረጎ_ገራዥ
አሠራ፤ ግን እንዲህ። 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ስፋቱ ከሞተሩ መሸከሚያ እስከ ካምቢዮው። 60 በ80 ሳ.ሜ. ከሆነ 11 ኪሎ ይመዝናል። አልሙኒየም 4 ሚሊ ሜትር ካገኘህ 5 ኪሎ ነው፣ አይዝግም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ከዘይት ኮፓው ቢያንስ 2 ሳ.ሜ. ይራቅ፤ ከተጠጋ ድንጋይ ላሜራውን ሲመታ ላሜራው ኮፓውን ይመታል። እነዚህ 2 ሳ.ሜ. ከክሊራንስህ እንደሚቀነሱ እወቅ፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ እንጂ ወደ ታች ያበጠ አይሁን። የፊት ጫፉ ወደ ላይ 30 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ያኔ ድንጋይ ሲነካው ይንሸራተታል እንጂ አይያዝም።

በቡሎን ይታሰር፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ አራት ከፊት ሁለት ከኋላ፤ ከመሸከሚያው ብረት ጋር እንጂ ከኮፓው ወይም ከራዲያተሩ ጋር ፈጽሞ አይሆንም። ብየዳ የሚልህን አትስማ፣ ዘይት ለመቀየር መፍታት አለብህ። ዘይት መልቀቂያው ትይዩ 8 ሳ.ሜ. ቀዳዳ ይኑረው፣ ጭቃና ውሃ የሚወርድባቸው ሌሎች 6 ወይም 8 ቀዳዳዎችም ይበሱ። ከየጉዞው በኋላ በውሃ ግፊት ይታጠብ፤ ዋልካ ላሜራው ላይ ከደረቀ ክብደት ነው፣ ሙቀትም ይይዛል።

ኮምቦልቻ_ጎሚስታ
የመታሰሪያ ዳዶዎቹ ናይሎን ያላቸው ይሁኑ፤ ተራው ዳዶ በኮሮኮንች ይፈታል። ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጥበቁ።